የጭነት መኪና ሞተርን በገዛ እጅ ማጠብና ሰርቪስ ማድረግ፦ ከእጥበት እስከ ዘይት ቅየራ

የጭነት መኪና ሞተር የሚታጠብበት ዋናው ምክንያት አንድ ነው፤ ፍሳሹ ከየት እንደሚመጣ ለማየት። ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎ በተጋገረበት ሞተር ላይ ምንም አይለይም። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የሚያዣው ዘይት፣ ከማኒኮቶ (ከራዲያተር የጎማ ቱቦ) ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ፣ የላላው የናፍጣ ቱቦ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ነው የሚመስለው። መኪናው ሊሸጥ ሲል ወይም ዓመታዊ ምርመራው ሲደርስ ብቻ ላቫጆ የሚያስገባ ሰው፣ ብሩን ከፍሎ ፍሳሹን ማየቱን ትቶታል።

ስለዚህ እዚህ እጥበቱን የሰርቪሱ መጀመሪያ አድርገን እንይዘዋለን። መጀመሪያ ይታጠባል፣ ከዚያ ይታያል፣ ከዚያ ፊልትሮና ዘይት ይቀየራል።

የምናወራው በአገራችን መንገድ ላይ በብዛት ስለሚታዩት የናፍጣ መኪኖች ነው። አይሱዙ ኤንፒአር ወይም ኤፍኤስአር ያላችሁ፣ ሲኖ የምታንቀሳቅሱ፣ አብዛኛው ሥራ ለሁላችሁም አንድ ነው። የዘይት መጠን፣ የፊልትሮ ቁጥርና የቡሎን ማጥበቂያ ልክ ግን ከመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ነው የሚወሰደው። "ጓደኛዬ መኪና ላይ እንዲህ ነበር" እዚህ አይሠራም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጭነት የሌለበትን ቀን ምረጡ። ሌሊት 11 ሰዓት መንገድ የሚወጣ መኪና ላይ ማታ ፊልትሮ መፍታት ራስን ማስጨነቅ ነው። አንድ ነገር ቢሰበር ሱቅ ተዘግቷል።

ቦታው ሜዳ ይሁን። ዳገት ላይ የቆመ መኪና ዘይቱም በትክክል አይለካም፣ ስሩም መግባት አደገኛ ነው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጉ፣ ጎማውን ከፊትም ከኋላም በታኮ ወይም በደህና ድንጋይ ደግፉ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። የቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የፊልትሮ መፍቻ፣ ሽቦ ብሩሽ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ሰፊ ሳፋ፣ ባዶ ጄሪካን፣ ንጹሕ ጨርቅና ብዙ ፌስታል። የጭንቅላት ባትሪ ካላችሁ በጣም ይረዳል፤ ስልክ በጥርስ ነክሶ መሥራት ያደክማል።

ጋቢናው የሚነሳ ከሆነ ውስጡ ያለውን ነገር ሁሉ አስቀድማችሁ አውጡ። የቡና ፔርሙዝ፣ ክሪክ፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ ሁሉም ጋቢናው ሲነሳ ወደ መስታወቱ ይወረወራል። በሮቹን ዝጉ። ጋቢናው ከተነሳ በኋላ መደገፊያው ብረት ቦታው ላይ መቀመጡንና መቆለፉን በዓይናችሁ እዩ። በሃይድሮሊክ ፓምፕ የሚነሳ ቢሆንም ድጋፉ ላይ ካልተቆለፈ ማንም ስሩ እንዳይገባ። ረዳቱ "ይዞታል ግባ" ስላለ አይገባም። ይህን ነጥብ ስደጋግም አሰልቺ እንደምሆን አውቃለሁ፤ ግን በጋቢና ስር የሚደርስ አደጋ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

ሳይታጠብ አንድ ዙር እዩት

ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። ከማጠባችሁ በፊት ሞተሩን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት፣ ከስር። የትኛው ቦታ ወፍራም ቅባት እንደያዘ፣ የትኛው ቦታ ደረቅ አቧራ ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ። ከታጠበ በኋላ ይህ መረጃ ይጠፋል።

የዘይት መለኪያውንም አሁን አውጥታችሁ እዩ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን እየያዘ ስለሆነ ይህ ጤነኛ ነው። የሚያስፈራው እንደ ማኪያቶ አረፋ የመሰለ ዘይት ነው። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ከዘይት ማቀዝቀዣው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ካያችሁ እጥበቱንም ሰርቪሱንም ተዉትና መካኒክ ጥሩ። መኪናውን አታንቀሳቅሱት። ዘይቱ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነም እንደዚያው።

እጥበቱ

ሞተሩ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። ከመንገድ እንደገባ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ብረት ይሰነጥቃል። የቴስታታና የጭስ መውጫ ብረቶች በተለይ ይህን አይወዱም። የናፍጣ ፓምፑም እንደዚያው ነው። ውስጡ ያሉት ክፍሎች በጣም በጠበበ ክፍተት ነው የሚንቀሳቀሱት። ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ከተረጨበት ውጪው ቶሎ ይኮማተራል፣ ውስጡ አይከተልም፣ ፓምፑም ነክሶ ይቆማል። ሞተር እየሠራ ፓምፑ ላይ ውሃ የሚለቅ አጣቢ ካያችሁ አስቁሙት። እጃችሁ ሞተሩን ያለ ችግር ነክቶ መቆየት ከቻለ ለመታጠብ ደርሷል።

ቀጥሎ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፍቱ። ብዙ ከባድ መኪኖች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞ 24 ቮልት ነው የሚሰጣቸው። ሻሲው ላይ የታሰረውን ነጌቲቭ ነው የምትፈቱት። ገመዱን እንዳይነካካ በጨርቅ ጠቅልሉት።

ከዚያ መሸፈን። ዲናሞውን (ባትሪ የሚሞላውን) በፌስታል ጠቅልሉና በገመድ ወይም በላስቲክ እሰሩ። ሞተሪኖውንም (ሞተር የሚያስነሳውን) እንዲሁ። የአየር መሳቢያውን አፍ በደንብ ዝጉ። በዚያ የገባ ውሃ ቀጥታ ወደ ሲሊንደር ነው የሚሄደው፤ ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይጨመቅም፣ ሞተሩ ሲነሳ ቢየላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምማል። የዘይት መሙያ ክዳን ጠብቆ መዘጋቱን፣ የዘይት መለኪያው ቦታው መግባቱን እዩ። አዲስ ዘመናዊ ሞተር ከሆነ የኮምፒውተር ሳጥኑን፣ ሶኬቶቹንና ሴንሰሮቹን ሁሉ ሸፍኑ። በአሮጌዎቹ መካኒካል ፓምፕ ያላቸው ሞተሮች ላይ ሥራው ቀላል ነው፣ በኮመን ሬይል ሞተር (የናፍጣ ርጭቱን ኮምፒውተር በሚያዘው) ላይ ግን ሶኬት ውስጥ የገባ ጠብታ ውሃ ለቀናት ያስለቅሳችኋል።

ማጠቢያው ምን ይሁን? ቤንዚን በፍጹም። አንዲት ብልጭታ በቂ ናት። በአንዳንድ ላቫጆ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ በአየር ይረጫሉ። ቅባቱን ያነሳል፣ ያብረቀርቃልም። ግን ቺንጊያውን (ፑሌዎቹን የሚያዞረውን ቀበቶ)፣ የጎማ ቱቦዎቹንና የሞተር መያዣ ጎማዎቹን ያለሰልሳል፣ ያሳብጣል። ደግሞ ስሱ ቅባት ስለሚተው አቧራው በሁለት ቀን ተመልሶ ይለጠፋል። በውሃ የሚታጠብ የሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ መለዋወጫ ሱቆች አሉ። ካጣችሁ ፈሳሽ ሳሙና ሞቅ ባለ ውሃ፣ ከትዕግሥት ጋር፣ ይሠራል።

መጀመሪያ ደረቁን ቅባት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መቧጠጫ አንሱ። የተጋገረው ላይ ውሃ ማፍሰስ ትርፉ መበታተን ብቻ ነው። ከዚያ ማጠቢያውን ከታች ወደ ላይ ቀቡ። ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው ቆሻሻ የታችኛውን ይሸፍነዋል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተዉት፤ ግን እላዩ ላይ እንዳይደርቅ። ቡሎኖች ዙሪያና ቱቦ መገናኛዎች ላይ በብሩሽ እሹት። ይህ ነው ጊዜ የሚበላው፣ ይህ ነው የሚጠቅመውም።

ሲታጠብ ከላይ ወደ ታች፣ በዝግታ በሚወርድ ውሃ። የግፊት ማጠቢያ ካላችሁ ከግማሽ ሜትር በላይ ራቁና በሰፊው ርጩ። ኩሽኔታ፣ ፓራዮሊዮ (የዘይት መከልከያ ጎማ)፣ የኤሌክትሪክ መገናኛና የራዲያተር ቅጠል ላይ በቅርብ አታነጣጥሩ። የራዲያተር ቅጠሎች ስስ ናቸው፣ ይታጠፋሉ። የታጠፈ ቅጠል ደግሞ አየር አያሳልፍም።

ወንዝ ዳር ወይም ሐይቅ ዳር አትጠቡ። የሚወርደው ዘይት ነው። ከታች ልብስ የሚያጥብ፣ ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ።

ማድረቅ

ፌስታሉን አንሱ። ጎሚስታ ዘንድ ወይም ግቢያችሁ ኮምፕሬሰር ካለ፣ ውሃ የያዙ ጉድጓዶችን፣ የቡሎን ቀዳዳዎችንና መገናኛዎችን በአየር ንፉ። ከሌለ በጨርቅ አድርቃችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተዉት። ከዚያ ባትሪውን አገናኙና አስነሱ። ቺንጊያው መጀመሪያ ትንሽ ሊጮህ ይችላል፤ ሲደርቅ ይተዋል። ካልተወ ላልቷል ወይም አርጅቷል።

ሞተሩ ይናገር

መኪናውን አንድ ሰዓት ያህል ንዱና በማግሥቱ ጠዋት ተመለሱ። አሁን በንጹሑ ብረት ላይ የምታዩት እርጥበት ሁሉ አዲስ ነው።

ፍሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቬንቲላተሩ ደግሞ ወደ ኋላ ይረጨዋል። ስለዚህ የምትፈልጉት ከሁሉ ከፍ ብሎና ከሁሉ ወደ ፊት ያለውን እርጥብ ቦታ ነው። ዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ ስላያችሁ ብቻ የኮፓ ጓርኒሲዮን አትግዙ። ብዙ ጊዜ ምንጩ ከላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ነው። ጠርጥራችሁ ካልለየላችሁ ቦታውን አድርቃችሁ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ሞተሩን ትንሽ አሠሩት። ፓውደሩ የረጠበበት መስመር ምንጩን ያሳያል።

ብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያዣ ከሆነ ጓርኒሲዮን ከመቀየራችሁ በፊት የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ እዩ። ቱቦው በዝቃጭ ሲዘጋ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይታመቃል፣ ዘይቱም ደካማ ባገኘበት ይወጣል። ቱቦውን ማጽዳት የጨርቅ ዋጋ ነው። ቱቦው ክፍት ሆኖ በኃይል ጭስ የሚተፋ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) መድከሙን ነው የሚናገረው።

የውሃ ፓምፑ ሆድ ስር ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከሷ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ የፓምፑ ማኅተም አልቋል፤ ፓምፑ ሊሄድ ነው። ቀዳዳዋን በማስቲሽ የሚደፍን አለ። አትድፈኗት። የተሠራችው ለማስጠንቀቅ ነው፣ ከደፈናችኋት ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይሄዳል።

የአየር ፊልትሮ

ስለ ዘይት ሁሉም ያወራል፣ ስለ አየር ፊልትሮ ግን ጥቂቱ። በአገራችን መንገድ ደግሞ ሞተር የሚገድለው አቧራ ነው። ኮረኮንች ላይ ከሌላ መኪና ኋላ የሚጓዝ አይሱዙ፣ ካባ ውስጥ የሚጭን ሲኖ፣ በአፋር በኩል ወደ ጋላፊ የሚወርድ ተሳቢ፣ ሁሉም የሚተነፍሱት አሸዋ ነው። ፊልትሮውን አልፎ የገባ ደቃቅ አሸዋ ፋሻና ካሚቻውን (የሲሊንደሩን ግድግዳ) እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ሰማያዊ ጭስ ይከተላል፣ ቀጥሎ ሙሉ እድሳት ነው።

የፊልትሮ ቤቱ ስር አፉ እንደ ዳክዬ ምንቃር የሆነ የጎማ ቁራጭ አለ። አቧራው የሚራገፍበት ነው። በየሳምንቱ በጣት ጨምቃችሁ አራግፉት። ከተቀደደ ወይም ከጠፋ ወዲያው ተኩት፤ ያለ እሱ ፊልትሮው በፍጥነት ይሞላል።

ስታወጡት ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ውጪውን ጥረጉ። ፊልትሮውን ጎማ ላይ ወይም መሬት ላይ መደብደብ የተለመደ ነው፤ ግን ወረቀቱ ይሰነጠቃል፣ ጫፉ ይጣመማል። በአየር የምትነፉ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጪ ይሁን፣ ግፊቱም ከ2 ባር አይብለጥ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር በሙሉ ኃይሉ ወረቀቱን ይበሳል። በቤንዚን ወይም በሳሙና ውሃ አትጠቡት፤ የወረቀት ፊልትሮ ለዚያ አልተሠራም።

ከነፋችሁ በኋላ ጨለም ያለ ቦታ ውስጡ መብራት አስገቡና ዙሩት። የብርሃን ነጥብ ከታየ ተበስቷል፣ ይጣል። ብርሃን ጨርሶ የማያሳልፍ ከሆነም ተዘግቷል፣ ይጣል። ውስጠኛ ሁለተኛ ፊልትሮ ካለው እሱ አይነፋም፣ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል እንጂ። የማስቀመጫውን ቤት ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ባለው ቱቦ ላይ ያሉ ማሰሪያዎችን ሁሉ አጥብቁ። አዲስ ፊልትሮ ገዝቶ የተቀደደ ቱቦ ትቶ መሄድ ብር መጣል ነው።

አዘውትሮ መንፋትም አይጠቅም። በተነፋ ቁጥር ወረቀቱ ይደክማል። መጠቆሚያ መብራት ወይም ቀይ ምልክት ያለው ከሆነ እሱን ተከተሉ። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ከበዛና ጉልበት ከቀነሰ፣ ናፍጣ ፓምፑን ከመጠርጠር በፊት ይህን ፊልትሮ እዩ።

ዘይት

በስንት ኪሎ ሜትር? ብዙ ባለንብረት በ5,000 ይቀይራል። መጽሐፉ ከዚያ በላይ ሊፈቅድ ይችላል። ግን የእኛ ሥራ ከባድ ሥራ ነው፤ አቧራ፣ ዳገት፣ ከልክ ያለፈ ጭነት። ሌላም አለ። ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ሞተሩ እየሠራ የሚቆም መኪና ኪሎ ሜትሩ አይጨምርም፣ ዘይቱ ግን ያረጃል። በእኔ አስተያየት እንዲህ ላለ ሥራ በ5,000 መቀየር አያከስርም።

ዓይነቱ ለአብዛኛው እነዚህ መኪኖች 15ደብሊው-40 ነው። ጣሳው ላይ ለናፍጣ ሞተር የሚሆን የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ደረጃ መኖሩን እዩ፤ ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 የመሳሰለውን። በ"ኤስ" የሚጀምር ብቻ ከሆነ ለቤንዚን መኪና ነው። የክዳኑ ማኅተም ያልተነካ ይሁን። በጣም የረከሰ ዘይት ካጋጠማችሁ ጥርጣሬያችሁን አትናቁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ ትንሽ ሲሞቅ አጥፉት። ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። በጣም የጋለ ግን እጅ ያቃጥላል። የመሙያ ክዳኑን ከላይ ክፈቱ፣ ሳፋውን ኮፓው ስር አድርጉና የማፍሰሻውን ቡሎን ፍቱ። መጨረሻ ላይ በእጃችሁ ወደ ውስጥ እየገፋችሁ ፍቱት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን አንሱት። እጅጌያችሁ ላይ እንዳይፈስ። ጠብታው እስኪያቆም 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። የወጣውን ቡሎን እዩት፤ ጫፉ ላይ ማግኔት ካለ ደቃቅ የብረት ዱቄት የተለመደ ነው፣ በጣት የሚለይ ስንጣሪ ብረት ግን አይደለም።

ፊልትሮውን ፍቱ። አሮጌው የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን እዩ። ሁለት ቀለበት ተደራርቦ ከታሰረ ዘይቱ መንገድ ላይ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የአዲሱን ፊልትሮ ቀለበት በንጹሕ ዘይት ቀቡ፣ በእጅ እሰሩ፣ ቀለበቱ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ጨምሩ። በመፍቻ ማጥበቅ አያስፈልግም፤ ለሚቀጥለው ሰው ችግር ነው። የማፍሰሻውን ቡሎን በአዲስ ሮንዴላ መልሱ። ከያዘ በኋላ ጉልበት አታብዙ፤ የኮፓውን ጥርስ የፈጨ ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ሙሉ። አይሱዙ ኤንፒአር 10 ሊትር ገደማ ይወስዳል፣ ሲኖ ከ20 ሊትር በላይ። ግን በመጨረሻ የሚወስነው መለኪያው ነው። ንጹሕና የተቆረጠ ሃይላንድ እንደ ማፍሰሻ ይሆናል፤ አቧራ ያለበት ግን አይሁን። ከመጽሐፉ መጠን ትንሽ አጉድላችሁ ሙሉና አስነሱ። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። መብራቱ እስኪጠፋ ነዳጅ አትርገጡ፤ በተለይ ቱርቦ ካለው ቱርቦው ያለ ዘይት ነው የሚዞረው። አጥፍታችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ የጎደለውን ሙሉ። ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ።

ባለ ቱርቦ መኪና ነጂዎች አንድ ልማድ ይኑራችሁ፤ ከረጅም ዳገት በኋላ ስትቆሙ ሞተሩን ሦስት ደቂቃ ያህል ነዳጅ ሳትረግጡ አሠርታችሁ አጥፉት።

አሮጌው ዘይት በጄሪካን ይጠራቀም። የሚገዙም የሚወስዱም አሉ። ቦይ ውስጥ አይደፋም።

ናፍጣ

ከማደያ ውጪ በበርሜልና በጄሪካን የተቀዳ ናፍጣ ውሃና ዝገት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ውሃ መለያው ስር ያለችውን ማፍሰሻ በሳምንት አንዴ ላላ አድርጋችሁ ውሃውን አውጡ። በብርጭቆ ተቀበሉት፤ ውሃው ከስር ይተኛል፣ ናፍጣው ከላይ። ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ዝጉ።

ፊልትሮ ስትቀይሩ አየር ይገባል። ይህን ለማስወጣት ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ አድርጉና የእጅ ፓምፑን ደጋግማችሁ ተጫኑ። አረፋ የሚተፋው ናፍጣ ጥርት ብሎ ሲመጣ አጥብቁ። ሞተሪኖውን ለረጅም ጊዜ አታስጩኹት፤ 10 ሴኮንድ ሞክሩ፣ እረፍት ስጡት።

ወደ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር ወደሚረጨው) የሚሄዱትን ብረት ቱቦዎች አትንኩ። በኮመን ሬይል ሞተር ውስጥ ግፊቱ ከ1,000 ባር ያልፋል። በዚያ ግፊት የወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ትንሽ ቀዳዳ መስሎ ይታያል፣ ግን ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ራዲያተር

ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ጣርማበር ላይ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና እንፋሎት የሚለቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የራዲያተር ክዳን ተራ ክዳን አይደለም። ግፊት አፍኖ ይይዛል፣ የመፍያውን ነጥብ በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ይዞ ሞተር ተቃጠለ ማለት ያሳዝናል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይታችሁ ያንኑ ግዙ።

የጋለ ራዲያተር አይከፈትም። ጨርቅ ተይዞም ቢሆን። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ውጪውን ስታጸዱ ውሃው ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት ይሂድ። ነፍሳትና ጭድ ከፊት ነው የሚገቡት፤ ከፊት ብትረጩ ወደ ውስጥ ትገፏቸዋላችሁ። ኢንተርኩለር (ከቱርቦ የሚመጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ካለ በእሱና በራዲያተሩ መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራ አትርሱ። ከውጪ ንጹሕ መስሎ መሐሉ የተደፈነ ብዙ ነው።

ውስጡ ውሃ ብቻ ይሁን ወይስ ኩላንት? ብርድ ስለሌለብን ኩላንት አያስፈልገንም የሚል ሰው አለ። ኩላንት ግን ከቅዝቃዜ በላይ የሚሠራው ሥራ አለው። ዝገት ይከላከላል፣ መፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ካሚቻውን በውጪው በኩል ከሚበሳው የአረፋ ጉዳት ይጠብቃል። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ጨው አለው፤ በጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ዲስቲልድ ውሃ አድርጉ። የተለያየ ቀለምና ዓይነት አትቀላቅሉ። መንገድ ላይ ተራ ውሃ ለመጨመር ከተገደዳችሁ ጨምሩ፣ ስትመለሱ ግን አጽዱት።

ለማጽዳት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አሮጌውን አፍስሱ፣ በንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ ሞተሩ ሞቆ ቴርሞስታቱ (ሙቀት ሲደርስ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው) እስኪከፍት አሠሩ፣ አቀዝቅዛችሁ አፍስሱ። ጥርት እስኪል ድገሙ። የተፋሰሰው ኩላንት ጣፋጭና መርዛማ ነው። ውሻም ከብትም ይጠጣዋል። በዕቃ ተቀበሉት።

ማኒኮቶዎቹን በእጅ ጨብጡ። እንደ ሊጥ የለሰለሰ ወይም የሚሰነጠቅ ከሆነ ከመፈንዳቱ በፊት ቀይሩት። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ነው፤ አትቀበሉት። ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ሲሠራ ናፍጣ ይበላል፣ ፋሻም ይበላል።

ባትሪና ቺንጊያ

ቺንጊያውን በሁለቱ ረጅም ፑሌዎች መሐል በአውራ ጣት ጫኑት፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ። የተሰነጠቀ፣ የሚያብረቀርቅ ወይም ዘይት የጠጣ ከሆነ ይቀየር፤ መለዋወጫ ይዛችሁ ሂዱ።

ባትሪ ሲፈታ ነጌቲቩ መጀመሪያ፣ ሲታሰር ነጌቲቩ መጨረሻ። ነጩን ዝገት በቤኪንግ ሶዳና በሞቀ ውሃ እጠቡት፤ ክዳኖቹ ግን ይዘጉ። ሰሌዳዎቹ ከታዩ ዲስቲልድ ውሃ ጨምሩ፣ አሲድ አትጨምሩ። ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ቀቡት። አጠገቡ ሲጋራ አይጨስም።

የአየር ፍሬን ካላችሁ፣ እግረ መንገዳችሁን የአየር ታንኩን ማፍሰሻ ስባችሁ ውሃውን አውጡ። የሞተር ሥራ ባይሆንም ዘይት ያለበት ውሃ ከወጣ ኮምፕሬሰሩ ዘይት እየለቀቀ ነው ማለት ነው።

ለመካኒክ የሚተዉ

ቫልቭ ማስተካከል፣ ኢንጀክተር መፈተሽ፣ ፓምፕ መፍታት፣ ቴስታታ ማንሳት በግቢ አይሠሩም። የማጥበቂያ መለኪያ ቁልፍና ልምድ ይፈልጋሉ። ግን ጋራዥ ስትገቡ ባዶ እጃችሁን አትግቡ። የሠራችሁትን ሁሉ በደብተር ጻፉ፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የፊልትሮው ቁጥር፣ በሁለት ሰርቪስ መካከል የጨመራችሁት ዘይት። ከእጥበቱ በፊትና በኋላ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎችም አሳዩት። "ዘይት ያፈሳል" ከማለት ይልቅ "ከታጠበ በማግሥቱ የቫልቭ ክዳኑ የኋላ ቀኝ ጥግ ረጥቧል፣ በ2,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ጨምሬያለሁ" ካላችሁት፣ መካኒኩ እዚያው ጀምሮ ይሠራል። ያልታመመውን ሲፈታና ሲገጥም የሚውልበትን ሰዓት አትከፍሉም።